«ነፍሶቻችን በሌሊት»፦ በፊት ለፊት በር የገባ ፍቅር

የጎረቤታሞች ፍቅር በልቦለድ ዓለም ብዙ የተሠራበት ርእሰ ጉዳይ ነው። በተለይ በአሜሪካ በየዓመቱ የሚታተሙት የትንሽ ከተማ የፍቅር ልቦለዶች ከሞላ ጎደል አንድ መንገድ ይከተላሉ፤ ከትልቅ ከተማ ልቧ ተሰብሮ ወደ ትውልድ ቀዬዋ የተመለሰች ወጣት አለች፣ ከአጥሩ ማዶ ኮስታራ ሆኖም ልበ ቀና የሆነ ጎረቤት አለ፣ የሁሉንም ገመና የምታውቅ የዳቦ ቤት ባለቤት አለች፣ መሐል ላይ አንድ ተራ አለመግባባት ይፈጠራል፣ መጨረሻው ሠርግ ነው። አንባቢው የታሪኩን ፍጻሜ ከሽፋኑ ሥዕል ያውቀዋል፤ መጽሐፉን የሚገዛውም ስለሚያውቀው ነውና በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም። አሜሪካዊው ደራሲ ኬንት ሃሩፍ «አወር ሶልስ አት ናይት» (ነፍሶቻችን በሌሊት) በተሰኘው የመጨረሻ ልቦለዱ ይህንኑ የታወቀ ዕቃ ይዞ ተነሥቷል፤ ትንሿ ከተማም፣ ጎረቤታሞቹም፣ ወሬኞች የሚሰበሰቡበት ዳቦ ቤትም አሉለት። ልዩነቱ ፍቅረኞቹ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች መሆናቸውና እንቅፋት የሚሆንባቸውም በመካከላቸው የተፈጠረ አለመግባባት ሳይሆን ወልደው ያሳደጉት ልጅ መሆኑ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በኒው ዮርኩ ክኖፍ አሳታሚ ድርጅት በኩል ለአንባቢ ቀረበ። የመጀመሪያው እትም 179 ገጾች ብቻ ያሉት ሲሆን እነዚህም ከ40 በላይ በሆኑ አጫጭር ምዕራፎች ተከፋፍለዋል፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ሁለትና ሦስት ገጽ ሳይሞላ ያልቃል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነብቦ ሊጠናቀቅ የሚችል መጽሐፍ ነው፣ ግን እንዲያ እንዲነበብ አልመክርም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል።

አዲ ሙር ባሏ ከሞተ ዓመታት ያለፏት ሴት ናት። ሉዊስ ዋተርስ ደግሞ ጡረታ የወጣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ሲሆን እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። ሁለቱ በአንድ ጎዳና ላይ ትንሽ ተራርቀው በርካታ ዓመታት ኖረዋል፤ ይተዋወቃሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ አዲ የሉዊስን ሚስትም ታውቃት ነበር፣ ነገር ግን ወዳጅነት የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም። በአንድ የግንቦት ምሽት ጨለማው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ አዲ ከቤቷ ወጥታ የሉዊስን በር ታንኳኳለች፤ ገብታም ጥቂት ከተቀመጠች በኋላ አልፎ አልፎ እኔ ቤት እየመጣህ ከእኔ ጋር ብታድር ምን ይመስልሃል ስትል ትጠይቀዋለች። ሉዊስ ሲደነግጥ ነገሩ የሥጋ ጉዳይ እንዳልሆነ ታብራራለታለች፤ ቀኑ በሥራም በወሬም ያልፋል፣ የማያልፈው ሌሊቱ ነው፣ በጨለማ ውስጥ ጎኗ ተጋድሞ የሚያወራላት ሰው ቢኖር እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ነው ተስፋዋ። ሉዊስ እሺም እምቢም አይልም። እንዲያስብበት ጊዜ ይለምናታል፣ እሷም ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ መቶ ገጽ ይፈጅ ነበር፤ የአጥር ጥገና፣ የተበደረ ስኳር፣ የጠፋች ድመት፣ በዝናብ ተጠልለው የተያዩበት ከሰዓት ሁሉ ይቀድሙ ነበር። ሃሩፍ ግን ሌላው ልቦለድ የሚያበቃበትን ነገር መነሻው ያደርገዋል። በዚህም ምክንያት መጽሐፉን የሚያንቀሳቅሰው ይዋደዱ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ከተዋደዱ በኋላ ሰው ሳይሸሸጉ መኖር ይችሉ እንደሆነ ነው። እኔም የመጽሐፉን ጥንካሬ ከሁሉ በላይ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት አቀራረብ ይህንን በደንብ ያሳያል። ሉዊስ ሄዶ ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ይላጫል፣ ይታጠባል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል። ፒጃማውንና የጥርስ ብሩሹን በወረቀት ከረጢት ይይዝና በጓሮ በኩል ባለው ቅያስ ጨለማ ለጨለማ ሄዶ የአዲን የጓሮ በር ያንኳኳል። አዲ በሩን ከፍታ ለምን በዚህ በኩል እንደ መጣ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ሰው እንዳያየው ብሎ እንደሆነ ይነግራታል። መልሷ ጥርት ያለ ነው። ሰዎች ማወቃቸው አይቀርም፣ እሷ ደግሞ ሰው ምን ይላል እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ኖራ በቅቷታል፤ ስለዚህ ከአሁን በኋላ በእግረኛው መንገድ፣ በፊት ለፊት በር እንዲመጣ ትነግረዋለች። ደራሲው ስለ ድፍረት አንድም ቃል አይናገርም፣ ስለ ነፃነትም አይሰብክም። ከረጢት፣ በር፣ መንገድ፤ ሌላ ምንም የለም። የጥርስ ብሩሹ የተያዘበት የወረቀት ከረጢት ግን ስለ ሉዊስ ፍርሃትና ጉጉት አንድ ሙሉ ገጽ የስሜት መግለጫ ሊነግረን ከሚችለው በላይ ይነግረናል። በዚያው ምሽት አዲ ወይን ስትቀዳለት ቢራ እንደሚመርጥ ይነግራታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቢራ ገዝታ ትጠብቀዋለች። የሃሩፍ ገጸ ባሕርያት መዋደዳቸውን የሚናገሩት እንዲህ ባለ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ይጀምራል። መብራቱ ይጠፋል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ አንዱ ይጠይቃል ሌላው ይመልሳል። ሉዊስ በጎልማሳነቱ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ጥሎ ታማራ ከምትባል የሥራ ባልደረባው ጋር ሁለት ሳምንት ያህል እንደኖረ፣ ከዚያም ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ይናገራል። ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ አዲም ታውቀዋለች፤ ማንም የማያውቀው ግን ሉዊስ ሚስቱን ከመበደሉ ይልቅ ታማራን መጉዳቱ አብልጦ የሚቆጨው መሆኑን ነው። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ለመናገርም የሰባ ዓመት ሰው መሆንና በጨለማ መተኛት አስፈልጎታል። በወጣትነቱ ገጣሚ መሆን ይፈልግ እንደነበርም የምንሰማው በእነዚህ ሌሊቶች ነው። አዲ በበኩሏ ኮኒ የምትባል ሴት ልጇ በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር በውኃ እየተረጫጨች ስትጫወት ወደ መንገድ ሮጣ መኪና እንደገጫት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ባሏ ካርል ከትንሹ ልጃቸው ከጂን ጋር እንደቀድሞው መሆን እንዳቃተው ትተርካለች። ሁለቱም ትዳራቸው መጥፎ ነበር አይሉም። የኖረ፣ የቀጠለ፣ መሐሉ ግን የቀዘቀዘ ትዳር እንደነበር ነው የሚናገሩት፤ ሙታኑን ሳያሙ ስለ ሙታን እውነቱን የመናገር ጥበብ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በብዛት አለ።

መጽሐፉን በአንድ ቁጭታ ማንበብ አይበጅም ያልኩት ለዚህ ነው። እነዚህን የሌሊት ወሬዎች በተከታታይ ያነበበ ሰው አንድ ዓይነት ሊመስሉት ይችላሉ፤ በየማታው ሁለትና ሦስት ምዕራፍ እያለ የሄደ አንባቢ ግን የወሬው ዝግታ ከራሱ ሌሊት ጋር ይገጥምለታል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሃሩፍ ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም። ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ ንግግራቸው ከትረካው ጋር ያለ ምንም ምልክት ይቀጥላል፣ አንዳንዴም ተናጋሪው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት መስመር ወደ ላይ መመለስ ግድ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይህ ያናድዳል፤ ከአሥር ገጽ በኋላ ግን ዓይን ይለምደዋል፣ እንዲያውም በጨለማ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ከየትኛው ትራስ እንደመጣ ወዲያው እንደማይለይ ሁሉ የንግግሩ መቀላቀል ለታሪኩ የሚስማማ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ቅጽል ብርቅ ነው። ሰዎች ይበላሉ፣ ሣህን ያጥባሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ ይተኛሉ፤ ደራሲው እነዚህን ድርጊቶች ከሌሎቹ ድርጊቶች እኩል ቆጥሮ ይጽፋቸዋል። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ ጥሩ ሲሆን የተመጠነ ይባላል፣ ሲበዛ ደግሞ ደረቅ ይሆናል፣ እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ መሐል ላይ የምግብ ዝርዝር የሚመስሉ ጥቂት ገጾች አሉት።

ታሪኩ የሚፈጸምባት ሆልት የምትባለው ከተማ በካርታ ላይ የለችም። ደራሲው ስድስቱንም ልቦለዶቹን እዚችው ከተማ ውስጥ አድርጓል፤ ለመነሻነት የተጠቀመባትም በኮሎራዶ ምሥራቃዊ ሜዳ ላይ የምትገኘውን ዩማ የምትባል ከተማ ነው፣ ራሱም በዚያ ኖሯል። ኮሎራዶ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሮኪ ተራሮችን፣ በረዶውንና የበረዶ ሸርተቴውን ነው። በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ግን ግዛቲቱ ሌላ ገጽ እንዳላት ያውቃሉ፤ ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ከፍ ላለ ጊዜ የነዳ ሰው ተራራው ከኋላው ጠፍቶ የስንዴና የበቆሎ እርሻ፣ የእህል ጎተራ፣ አንድ ዋና ጎዳና ያላቸው ከተሞች ያገኛል። ሃሩፍ የጻፈው ይህንን አገር ነው። ሆልት ውስጥ ተራራ እንደ ዕረፍት ቦታ ይኬድበታል እንጂ አይኖርበትም፤ የአዲ ልጅ የሚኖርባት ግራንድ ጀንክሽን ደግሞ ከተራሮቹ ወዲያ፣ በግዛቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኝ ናት። ይህ ርቀት በታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው፤ ልጅ ከእናቱ የሚርቀው ምን ያህል እንደሆነ፣ በቁጣ ተነሥቶ ለመምጣትም ሙሉ ቀን ሊፈጅ እንደሚችል አንባቢው ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ወሬው በከተማዋ መዛመቱ አይቀርም። ሉዊስ ሁልጊዜ በዳቦ ቤት ከሚያገኛቸው ወንዶች አንዱ በሰው ፊት የብልግና ቀልድ ጣል ያደርግበታል፤ ሉዊስም ቀዝቃዛ መልስ ሰጥቶ ይወጣና ነገሩን ለአዲ ይነግራታል። አዲ ምን ታደርጋለች? አንሸሸግም ካልን እንውጣ ትላለች። ደማቅ ልብሷን ለብሳ፣ በቀትር፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በዋናው ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት መሐል ላይ ካለ ጠረጴዛ ከእሱ ጋር ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ሰላም የሚላቸው ሰላም ይላቸዋል፣ የሚያፈጥም ያፈጣል። ከዚያ በኋላ ከተማው ቀስ በቀስ ይለምዳቸዋል። አዲ አጠገብ የምትኖረው ሩት የተባለች አሮጊት ጎረቤት ከመጀመሪያው ጀምሮ ከእነሱ ወገን ናት፤ እንዲያውም ትንሽ ትቀናለች። የሉዊስ ልጅ ሆሊ ወሬውን ሰምታ እየተቆጣች ትመጣለች፣ አባቷ ግን ረጋ ብሎ ደስ እንዳለው ይነግራታል።

የደራሲው አስተያየት የሚገለጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመንገድ ሐሜት ይሰለቻል። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ወሬ ያገኛሉ። የማይሰለቸው ቤተ ዘመድ ነው፤ ምክንያቱም ዘመድ ሲያማ የሚያማው ለመዝናናት አይደለም፣ መብት አለኝ ብሎ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን አባባል እኛ የምንጠቅሰው ለእሳትና ለለቅሶ ነው፤ ይህ ልቦለድ አባባሉን እስከ አልጋ ድረስ ወስዶ ይፈትነዋል፣ ዘመዱም ዝም ብሎ እንደማያይ ያሳያል። በአማርኛ የሚያነብ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በስተርጅና ብቻቸውን የቀሩ ወላጆች ያሉት፣ እሱ ግን በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ሆኖ መድኃኒት ዋጡ ወይ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ በስልክ ቤታቸውን የሚያስተዳድር ልጅ በጂን ውስጥ ራሱን ቢያይ አይገርመኝም።

ነገሩ የሚከረው የስድስት ዓመቱ ጄሚ ሲመጣ ነው። የጂን ትዳር ይናጋል፣ የሚሠራው የዕቃ ንግድም ይከስራል፤ ስለዚህ ልጁን በጋውን እናቱ ዘንድ ያመጣዋል። ጄሚ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል፣ አዲና ሉዊስም በመካከላቸው ያስተኙታል። በጠቅላላው መጽሐፍ የምወዳቸው ገጾች ከዚህ በኋላ ያሉት ናቸው። ሉዊስ ልጁን ለማባበል አይቸኩልም፤ ጓሮ ይወስደውና ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ፣ ፀጉር ያላበቀሉ የአይጥ ልጆች ጎጆ ያሳየዋል፣ እንዳይነካቸውም ይነግረዋል። ልጁ ደግሞ እያሰለሰ ሄዶ ያያቸዋል። ከዚያ የቤዝቦል ጓንት ይገዛለታል፣ ኳስ ይወረውሩለታል፤ ከተጣሉ እንስሳት ማቆያም ቦኒ የምትባል ውሻ ወስደው ያሳድጉለታል፣ ጄሚም ከእሷ ጋር መተኛት ይጀምራል። ሦስቱ ድንኳን ይዘው ወደ ተራራ ይሄዳሉ። ደራሲው ልጅን እንደ ልጅ መጻፍ ያውቅበታል፤ ጄሚ የትልቅ ሰው ጥቅስ አይናገርም፣ ሽማግሌዎቹን የሚያስተምራቸውም ምሥጢር የለውም። ይፈራል፣ ይራባል፣ ውሻዋን ይጠይቃል። በዚህ በኩል ብዙ የፍቅር ልቦለዶች ልጅን ለማስታረቂያ ሲጠቀሙበት ሃሩፍ ተቃራኒውን አድርጓል፤ ጄሚ ሁለቱን ይበልጥ ያቀራርባቸዋል፣ በኋላ ግን ጂን ልጁን ለማስፈራሪያ ይጠቀምበታል።

የመጽሐፉ ትልቁ ድክመትም ጂን ነው። ስለ ቁስሉ እናውቃለን፤ የእህቱ ሞት፣ የአባቱ ፊት መንሳት፣ የሚፈርሰው ትዳሩና ንግዱ ሁሉ ተነግሮናል። ይሁንና ይህን የምንሰማው ከእናቱ አፍ ነው፣ እሱ ራሱ መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቆጣል፣ ሉዊስን ገንዘብ ፈልጎ እንደተጠጋ ሰው ይጠረጥራል፣ እናቱን ያዛል። አንድ ምዕራፍ፣ ሁለት ገጽ እንኳ፣ ጂንን ብቻውን መኪና ሲነዳ ወይም ባዶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ብናየው ኖሮ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር። ደራሲው ለአይጥ ልጆች የሰጠውን ትዕግሥት ለአዲ ልጅ ነፍጎታል። ከዚህ የተነሣ አዲ ከልጅ ልጇና ከሉዊስ እንድትመርጥ ስትገደድ፣ የምርጫው ጭካኔ ይሰማናል፣ የጨካኙ ሰው ሕመም ግን አይሰማንም። መጨረሻውን እዚህ አልናገርም። የተለመደው ዓይነት ሠርግ እንደሌለው ግን ከአሁኑ ማወቁ ይበጃል፣ ደስ ብሎት እንዲተኛ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ይህኛውን ለሌላ ጊዜ ያቆየው።

የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ፍጥነትም ያከራክራል። ሁለት ሦስተኛውን መጽሐፍ በእርጋታ የሄደው ትረካ ከበጋው ማለቅ በኋላ ይሮጣል፤ ወራት በአንድ ገጽ ያልፋሉ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉ አሉ፣ ደስታ ዝርዝር አለው ሐዘን ግን ዝርዝር የለውም ማለት ነው ብለው። እኔ ከዚህ ይልቅ ቀላሉን ምክንያት አምናለሁ፤ ደራሲው ጊዜ አልነበረውም።

ኬንት ሃሩፍ እ.ኤ.አ. በ1943 በኮሎራዶ ግዛት በፑብሎ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያ ልቦለዱ በ1984 ሲታተም ዕድሜው ከአርባ አልፎ ነበር፤ ሰፊ ዝና ያስገኘለትም ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነው በ1999 የታተመው «ፕሌይንሶንግ» ነው። በጽሕፈት መኪና ይጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲጽፍ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ እያየ እንዳይዘናጋ የሱፍ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ በጭፍኑ ይመታ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የሳንባ በሽታ እየጠናበት በሄደበት በ2014 ለባለቤቱ ለካቲ አዲስ መጽሐፍ እንዳሰበ ነገራት፤ በቀን አንድ ምዕራፍ እየጻፈም ረቂቁን በ45 ቀናት ገደማ ጨረሰ። ቀደም ያሉት መጻሕፍቱ ዓመታት የፈጁበት ሰው ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ በ71 ዓመቱ ሞተ፣ ታትሞም አላየውም። ይህን ማወቅ የመጽሐፉን ጉድለት አያርመውም፣ መታረምም የለበትም፤ ልቦለድ የሚመዘነው በገጹ ላይ ባለው ነው። ይሁን እንጂ እየሞተ ያለ ሰው ስለ ሌሊት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትና ጎን ለጎን ተኝቶ ስለማውራት ሲጽፍ አንዲት የሐዘን ዓረፍተ ነገር እንኳ አለማስገባቱ ጨዋነቱን ያሳያል።

ደራሲው በራሱ ላይ የሚያሾፍበትም ቦታ አለ። አዲና ሉዊስ አንድ ሌሊት ዴንቨር ያለው ቴአትር ቤት ስለ ሆልት የተጻፈ ልቦለድን በመድረክ ሊያቀርብ መሆኑን አንብበው ያወራሉ። ልቦለዱ የሃሩፍ የራሱ ነው፣ ስሙን ግን አይጠሩትም። ታሪኮቹ የሌሉ ናቸው፣ ሁለት ሽማግሌ ከብት አርቢ ወንድማማቾች እርጉዝ ልጃገረድ ቤታቸው ማስገባታቸው የማይመስል ነገር ነው ይላሉ፤ ሰውዬው ስለ እኛም ሊጽፍ ይችል ይሆናል ይባባላሉ፣ በመጽሐፍ ውስጥ መግባት ግን አይፈልጉም። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ብልጠት ቆጥሮ ሊበሳጭበት ይችላል። እኔ ሳቅሁ፤ መጽሐፉ ሳቅ የሚያስፈልገው ቦታ ላይም የገባ ነው።

በ2017 ኔትፍሊክስ ታሪኩን በፊልም አቅርቦታል፤ ሮበርት ሬድፎርድ ሉዊስን፣ ጄን ፎንዳ አዲን ሆነው ሠርተዋል፣ ዳይሬክተሩ ሕንዳዊው ሪቴሽ ባትራ ነው። ፊልሙ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የሚታይ ፊልም ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ ተዋናዮቹም ብቃታቸው አያጠያይቅም። ችግሩ ሁለቱ ተዋናዮች በሽበታቸውም ያማሩ፣ ዓለም ሁሉ ለስድሳ ዓመት አብረው ቢያያቸው የማይጠግባቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። የልቦለዱ አዲ የሚያስደንቅ ድፍረት ያላት ማንም ዞር ብሎ የማያያት የጎረቤት አሮጊት ስለሆነች ነው፤ ጄን ፎንዳ በር ስታንኳኳ ግን እምቢ የሚል ማነው? ፊልሙን ማየት የሚፈልግ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ቢያየው ይሻላል።

መጽሐፉን ለማን እመክራለሁ? በመጀመሪያ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምሮ ልቦለድ በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብደው አንባቢ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። ቃላቱ የዕለት ተዕለት ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ መዝገበ ቃላት የሚያስከፍት ገጽ ጥቂት ነው፤ የትእምርተ ጥቅሱን አለመኖር ብቻ መልመድ ይጠይቃል። በኤሌክትሮኒክ ቅጂም በድምፅ ቅጂም ስለሚገኝ በውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች ማግኘቱ አያስቸግርም፤ የድምፅ ቅጂውን የመረጠ ሰው ደግሞ ማን ተናገረ የሚለው ጭንቀት ይቀልለታል። ለወጣት ፍቅረኞች የግድ አይደለም፣ ሊሰለቻቸው ይችላል። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ላለፈ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ወይም ብቻዋን የምትኖር እናት ላላቸው ግን ያለ ማመንታት የምሰጠው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የጨዋ ነው፤ አልጋ ላይ የሚውል ታሪክ ቢሆንም በቤተሰብ መካከል ለማስቀመጥ የሚያሳፍር ገጽ የለበትም፣ ያለችውም አንዲት ሁለት የሥጋ ትዕይንት በጥቂት መስመር ታልፋለች።

አንብቦ የጨረሰና ሆልት ውስጥ ትንሽ መቆየት የፈለገ ሰው ወደ «ፕሌይንሶንግ» ይሂድ እላለሁ። ከዚህኛው ይረዝማል፣ ገጸ ባሕርያቱም ይበዛሉ፤ ጂን ያጣውን ዓይነት ሙሉ ትኩረት እዚያ ላይ ክፉዎቹ ሳይቀሩ አግኝተዋል። አዲና ሉዊስ የማይመስል ነገር ነው ያሏቸው ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሬይመንድና ሃሮልድ ማክፌሮን፣ እርጉዟ ልጅ ጋር ምን ብለው እንደሚያወሩ ጨንቋቸው ማታ ማታ የከብትና የእህል ገበያ ዋጋ ሲያስረዷት የሚገኙትም እዚያው ነው።